ጎበዝ ማን ነው?

ስለ ጦርነት፣ ስለ ወንድነትና ስለ ሰላማዊ ኅብረተሰብ የቀረበ የጥናት ጽሑፍ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመመለስ ግን ከባድ ነው። ጦርነት ያሳደገው ወንድነት በሰላማዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ቦታ አለውን? ወይስ ሰላምን የሚሻ ሕዝብ ወንድነት የሚባለውን ነገር ከነቃሉ መጣል ይኖርበታል?

ጥያቄው ለክርክር ክበብ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ነገ ከዚህ ወጥተን ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ ወገራ ወይም ወደ ላይ አርማጭሆ ስንመደብ ከፊታችን የሚቀመጠው ልጅ አባቱ ጠመንጃ ያነገበ፣ አያቱ የተፎከረለት፣ ምናልባትም አጎቱ በደም የሚፈለግ ሊሆን ይችላል። ያንን ልጅ «ጎበዝ!» ስንለው ምን ማለታችን ነው? መልሱን ሳናውቅ ሰሌዳ ፊት መቆም አይገባንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገሩን ግን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል።

1. ቃላቱ ራሳቸው ምን ይሉናል?

እስቲ «ጎበዝ» ከሚለው ቃል እንነሣ። ዛሬ በተማሪ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪፕቶ የሚጻፍ ቃል ነው። አሥር ካሥር ያመጣ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጎበዝ ይባላል። ነገር ግን ቃሉ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በጦር ሜዳ ኖሯል። ጎበዝ ማለት ለጦርነት የደረሰ ጎልማሳ ነበር። መንግሥት በማይደርስበት ቦታ ወይም በጠፋበት ዘመን የመንደሩን ታጣቂ ሰብስቦ የሚመራው ሰው «የጎበዝ አለቃ» መባሉም ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሙያ» ነው። እኛ ዛሬ «የመምህርነት ሙያ» እንላለን። በዱሮው አነጋገር «ሙያ ሠራ» የሚባለው ግን ጠላቱን ጥሎ ወይም ማርኮ የተመለሰ ሰው ነው። ሴት ስትሆን ደግሞ ባለሙያ የምትባለው ወጥ የምታጣፍጠው፣ ፈትል የምታቀጥነው ናት። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ የወንዱ ሙያ መግደል፣ የሴቷ ሙያ ማኖር ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ «ሙያ በልብ ነው» ብሎ ተርቷል። ትርጉሙም፣ እውነተኛ ጀግንነት በአፍ አይለፈፍም፤ በልብ ተይዞ በሥራ ይታያል ነው።

ሦስተኛው «ዘመቻ» ነው። ዘመቻ ወደ ጦርነት መሄድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ሥራም «ዘመቻ» ተባለ። ዘማቹ የያዘው ግን ጠመኔና የፊደል ገበታ ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አስገኝቷል።

ከነዚህ ሦስት ቃላት አንድ ነገር እንማራለን። ቃል ይሰደዳል። ከጦር ሜዳ ተነሥቶ ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቃሉ ከተሰደደ፣ ቃሉ የተሸከመው ክብርስ አብሮ ሊሄድ አይችልምን? የጽሑፋችን ጠቅላላ ሐሳብ ይኸው ነው።

2. ወንድነት ከጦር ጋር እንዴት ተጋባ?

አንዳንድ ሰው «የጎንደር ሰው በተፈጥሮው ጦረኛ ነው፤ ደሙ ነው» ሲል ይሰማል። እኛ አንስማማም። ልማድ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን ዘመነ መሳፍንት እንመልከት። በጎንደር ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ንጉሥ ስም ብቻ ነበረው፤ ኃይል የነበረው በየአውራጃው ባሉት መሳፍንት እጅ ነው። የመሳፍንቱ ወታደር ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው በገበሬው ጎተራ፣ በገበሬው ከብት፣ በገበሬው ቤት ነበር። ፉከራ ሲጀመር የሚሰማው «ዘራፍ!» የሚለው ቃል ድምፁ ከዘረፋ ጋር መቀራረቡን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። በዚያ ዘመን ለተወለደ የገበሬ ልጅ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ጦር የያዘ ይበላል፣ ሞፈር የያዘ ይበላል። የመጀመሪያውን አላልታችሁ፣ ሁለተኛውን አጥብቃችሁ አንብቡት እንዳንል ፊደላችን አይለይልንም፤ ስለዚህ በግልጽ እንጻፈው፤ ጦረኛው በላተኛ፣ ገበሬው ተበይ ነበር። ታዲያ ልጅ የትኛውን ይመኛል?

ሌላም ምክንያት አለ። ዳኛ በሌለበት ቦታ ሰውን የሚጠብቀው ስሙ ነው። «የእገሌ ቤተሰብ ደሙን አይተውም» የሚል ዝና እንደ እሾህ አጥር ያገለግላል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት የሰውን ልብ ብቻ ሳይሆን ይህንን የአጥር ሥራም ይገልጻል። ስለዚህ በቀል እንዲያው ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ፍትሕ በጠፋበት የፍትሕ ምትክ ነበር። ክፉ ምትክ፤ ሆኖም ምትክ።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን አሳትሞ ነበር። በዚያን ዘመን በጻፋቸው ጥናቶች ወንድነት በአማራው ዘንድ ያለውን ቦታ መርምሯል። ከእርሱ ጥናት ለእኛ የሚጠቅመን ወንድነት ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ማጥቃት ነው፤ ያልተነኩትን አለመንካት፣ የነካን ግን አለመልቀቅ። ሁለተኛው መቻል ነው፤ ረሀብን፣ ብርድን፣ ረጅም መንገድን፣ ሕመምን ያለ እሮሮ መሸከም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ስለኖሩ አንድ ነገር ይመስሉናል። ግን አንድ አይደሉም። ይህንን ልዩነት ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

3. ቴዎድሮስ የሞከሩት

ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በጦረኛነታቸው ነው። ከነገሡ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲገባ አዋጅ አስነግረዋል። ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍም ደመወዝ ሊከፍሉት ሞክረዋል።

በዚህ አዋጅ ላይ አንድ ታሪክ ይነገራል። በዘረፋ የታወቁ ሰዎች መሣሪያቸውን እንደያዙ ንጉሡ ፊት ቀርበው «አዋጁ ሰው ሁሉ የአባቱን ሥራ ይሥራ ይላል፤ የእኛ አባቶች ሥራ ቅሚያ ነበርና ይፈቀድልን» አሉ ይባላል። ንጉሡም እርሻ ቢያቀርቡላቸው እምቢ ስላሉ አስፈጇቸው። ታሪኩ ሲነገር ያስቃል፤ ነገር ግን በውስጡ መራራ ትምህርት አለ። ሰዎቹ የጠየቁት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ወንድ የተባሉበትን ነገር እንዳይነጠቁ ጠየቁ። ንጉሡም ዘረፋን ሊያጠፉ የቻሉት በሌላ እልቂት ሆነ።

በጋፋትም ይኸው ሆነ። ንጉሡ የእጅ ጥበብ ለአገራቸው እንዲገባ አጥብቀው ይሹ ነበር። ሆኖም የጋፋት ባለ እጆች የታወቁበት ትልቁ ሥራ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። መጨረሻውንም እናውቃለን። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር ከተማ በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተቃጠለች፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እርሳቸው በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ዓላማቸው ሰላም፣ መሣሪያቸው ጦር ነበር፤ መሣሪያው ዓላማውን በላው። ይህን የምንለው ትልቁን ሰው ለማሳነስ አይደለም። ያንን ያህል ብርቱ ሰው ያቃተውን ነገር እኛ በመፈክር እንዳንገላገለው ለማስታወስ ነው።

4. የተከፈለው ዋጋ

ጎንደር ዋጋውን ደጋግማ ከፍላለች። በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ገብቶ ቤተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚያው ሰሞን የከብት እልቂትና ክፉ ቀን ተከተለ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በአገራችን የመጨረሻ ምሽጉን የለቀቀው እዚሁ ጎንደር ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ይህች ከተማ ብዙ ወጣቶቿን ቀበረች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ደረሰ፤ በዳባት አካባቢ በጭና ሲቪሎች ተገደሉ። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም፣ ከዚያው ዓመት ጀምሮ በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በዚህም ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚባለው ተረት ለእኛ ሣሩ ተማሪው ነው ማለት ነው።

ይህ የአደባባዩ ጦርነት ነው። የመንደሩስ? ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ባሉበት ቀበሌ ተፈላጊው ገበያ አይወጣም፤ ቀብር አይቆምም፤ እርሻው ጦሙን ያድራል። ጥንድ በሬ ተሽጦ ክላሽ ይገዛል። ልጁ «ወንድሙን ይዘውት ነው» ተብሎ እንዳይመታ ከትምህርት ቤት ይቀራል። መሬቱ የሚታረስበት በሬ ጠመንጃ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወንድነት ቤቱን ሊጠብቅ ገብቶ ቤቱን ሲበላ ማለት ይህ ነው።

5. ያለ ጠመንጃ የተከበረ ወንድነት

እንግዲህ ሰላም ማለት ከባዶ መጀመር ነው? አይደለም። በዚሁ ደጋ ያለ ጠመንጃ የተከበረ ወንድነት ነበረ፤ አለም።

ሀ/ የቆሎ ተማሪው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከእናት ከአባቱ ርቆ ዓመታት ይኖራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ይርበዋል፤ ይበርደዋል። ይህን ሁሉ የሚችለው ለቅኔና ለዜማ ሲል ነው። ጎንደር በሊቃውንቷ የታወቀችው በእንደዚህ ያሉ ልጆች ትከሻ ነው። መቻል ከማጥቃት ተለይቶ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም።

ለ/ ሽማግሌው። ደም ለማድረቅ የሚነሣ ሽማግሌ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። በሁለት የታጠቁ ቤቶች መካከል ይመላለሳል፤ ይሰደባል፤ «ውጣልኝ» ይባላል፤ ተመልሶ ይመጣል። እርቁ ሲደርስ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ይቆማሉ። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ አብሮ ይበላል። ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ፍሬው ግን አንድ ነው። የተኮሰው ይደፍራል ወይስ በተተኮሰበት መካከል ባዶ እጁን የሚገባው? የድፍረቱን ሚዛን ለአንባቢ እንተዋለን።

ሐ/ ባለ እጁ። እዚህ ላይ ራሳችንን መውቀስ አለብን። በወለቃና በዙሪያው ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤላውያን ለአገሩ ማረሻ ሠርተው ሲያበቁ «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀዋል። ሸማኔውና ፋቂውም ከዚያ ስድብ አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። የሚሠራውን እጅ አዋርዶ የሚገድለውን እጅ የሚያከብር ኅብረተሰብ ልጆቹን ወዴት እንደሚልክ ግልጽ ነው።

6. «ሴት የላከው»

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይባላል። አባባሉ እውነት አለው። ወንዱ ብቻውን አይፎክርም፤ የሚሰማው አለ። በልቅሶ ላይ ደሙን ያልመለሰ ወንድም በሙሾ ይነካል። ቀሚስ ልበስ ይባላል። ስለዚህ ጦረኛ ወንድነት የወንዶች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያነጸው ነው።

ይህ ማለት ግን ሴቶችን መውቀስ አይደለም። ሴቷ የምትልከው የሚጠብቃት ሌላ ሕግ ስለሌላት ነው። በጦርነትም ቢሆን ሴቶች ተመልካች አልነበሩም። በትውልዳቸው ከስሜን የሆኑት እቴጌ ጣይቱ በአድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር መርተዋል፤ በመቀሌም የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ማድረጋቸው ይታወቃል። ስንቅ አዝለው፣ ውኃ ቀድተው የዘመቱት ግን ስማቸው አልተጻፈም። እርቁም ቢሆን ጉድለት አለበት። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው። በአንዳንድ ቦታም እርቁን ለማጽናት ልጃገረድ ሳትጠየቅ ለባላንጣው ወገን ትዳር ትሰጥ ነበር። ሰላሙን ወንዶች አደረጉት፤ ዋጋውን ልጅቷ ከፈለች። እንዲህ ያለው ሰላም ሙሉ ሰላም ሊባል አይገባውም።

በሌላ አገር የሆነውን እንመልከት። በላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው አደባባይ በመውጣት ተዋጊዎቹን ወደ ስምምነት ገፍተዋል። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌይማ ግቦዊ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሸለሙት ሴቶች ጋር ተሸለመች። ሴት የላከው ሞት የማይፈራ ከሆነ፣ ሴት ለእርቅ የላከችውም ስድብ ላይፈራ ይችላል።

7. አስቸጋሪው ተቃውሞ

አንድ ጓደኛችን ረቂቁን አንብቦ «ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ግን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የቆሎ ተማሪ ብቻ ቢሰለፍ ኖሮ ምን እንሆን ነበር? በኢጣሊያ ዘመን እነ አሞራው ውብነህ በአርማጭሆ በረሃ ባይዋጉ ኖሮስ?» አለን። ተቃውሞው ትክክል ነው። አልፈነው ልንሄድ አንችልም።

መልሳችን እንዲህ ነው። አገር መጠበቅና ጎረቤት መበቀል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ወሰን አለው፤ ጠላት ሲመለስ ያበቃል። ሁለተኛው ማብቂያ የለውም፤ አንዱ ሬሳ ሌላውን ይጠራል። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ፉከራ መሞገሳቸው ነው። ልጁ የአርበኛውንና የደመኛውን ክብር መለየት ያቅተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህም ይከብዳል። «ጠመንጃውን አስቀድሜ ያስቀመጥሁ እንደሆነ እበላለሁ» የሚል ገበሬ ፈሪ አይደለም፤ አዋቂ ነው። ብቻውን የሚፈታ ሰው ይጠቃል። ስለዚህ ትጥቅ በምክር ብቻ አይፈታም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በምስክር ፊት የሚያስምሉት ለዚህ ነው። ከመሐላውም በኋላ የሚያምኑት ዳኛ፣ የሚደርስ ሕግ ያስፈልጋቸዋል። ፍትሕ ያልቆመበት ቦታ በቀል ተመልሶ ይበቅላል።

የውጭው ታሪክም ሁለት ምሳሌ ይሰጠናል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1876 ሳሙራዮችዋ ሰይፍ እንዳይታጠቁ ከለከለች። ሆኖም የሳሙራዩን ክብር ወደ ብሔራዊ ጦር አዛወረችውና እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙ አገር አጠፋች፤ ራስዋም ጠፋች። ኮስታሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ከእርስ በርስ ጦርነት ማግስት ሠራዊቷን አፈረሰች፤ ፖሊስ ግን አስቀረች። ትምህርቱ ምንድን ነው? ሰይፉን ከወገብ መፍታት ብቻ አይበቃም፤ ክብሩ ወዴት እንደሚዛወር ማሰብ ያስፈልጋል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1910 ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጦርነት የሚያወጣው ጽናትና ዲሲፕሊን እውነተኛ ዋጋ ስላላቸው፣ ያንኑ ያህል የሚጠይቅ ሰላማዊ ሥራ ካልተሰጠ ወጣቱ ጦርነትን አይተውም ብሏል። በእኛም አገር በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አገሪቱ በደም ታጥባለች። እንግዲህ ሰላማዊ ዘመቻ ብቻውን ጦርነትን አያስቀርም፤ ወጣቱ አምኖበትና ነፃ ሆኖ መውጣት አለበት።

8. የመምህሩ ድርሻ

ከላይ ወንድነት ማጥቃትና መቻል ነው ብለናል። መደምደሚያችን እንግዲህ ይህ ነው። መቻል፣ መጠበቅና ቃል ማክበር ከሰላም ጋር ይታረቃሉ፤ እንዲያውም ሰላም ያለ እነርሱ አይቆምም። በበቀል ክብር ማግኘት ግን አይታረቅም። ሥራችን ቋጠሮውን መፍታት ነው። ይህንን በክፍል ውስጥ እንዴት እናድርገው?

ሀ/ «እንደ ሴት አታልቅስ»፣ «ወንድ አይደለህም?» የሚሉትን አነጋገሮች ከአፋችን እናውጣ። አንዱ ስድብ ሁለት ልጆችን ይጎዳል፤ ወንዱን ያጠነክረዋል ብለን ስሜቱን እናፍነዋለን፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ መሰደቢያ እናደርጋታለን።

ለ/ በዱላ አናስተምር። በዱላ ጸጥ ያሰኘነው ክፍል የተማረው ነገር ጉልበት ያለው ትክክል መሆኑን ነው።

ሐ/ ታሪክ ስናስተምር የጦርነቱን ስምና ዓመት ብቻ አናስጠና። ስንቁን ማን አዘለ? እርሻው በዚያ ዓመት ታረሰ? ከዚያ በኋላ ማን አስታረቀ? ብለን እንጠይቅ።

መ/ የቡሄ ጅራፍ፣ የገና ጨዋታና ጉግስ ልጆች ጉልበታቸውን በሕግ የሚያወጡባቸው ናቸው። አንከልክላቸው፤ ዳኛ እንስጣቸው። ተሸናፊው እጅ ነሥቶ እንዲወጣ ማስተማር ትልቅ ትምህርት ነው።

ሠ/ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ቶሎ ፈርደን አንገላገል። ከክፍሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሽማግሌ ተመርጠው ሁለቱንም ይስሙ። «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ጥፋቱን ላመነውና እርቅ ለጠየቀው ልጅ በሁሉ ፊት እንስጥ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። አንድ ክፍል ጦርነት አያስቆምም፤ ይህንን አንክድም። ነገር ግን ወንድ የሚለውን ቃል በውስጡ የያዘ ሌላ ቃል አለን፤ እርሱም «ወንድም» ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሻገርባት ፊደል አንዲት ናት። ፊደል ማስቆጠር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በአካባቢያችሁ «ጎበዝ» የሚባለው ምን የሠራ ሰው ነው? ጎበዝ የምትባል ሴትስ?

2/ ደም የተቃባ ቤተሰብ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ቢኖርና ባላንጣውም አብሮ ቢማር ምን ታደርጋላችሁ?

3/ አርበኛንና ደመኛን የሚለይ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ለአራተኛ ክፍል አዘጋጁ።

መልሳችሁንና ተቃውሟችሁን ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ለጥፉልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።